ጭብጦ፦ ከስልቻ እስከ ሕፃን እጅ

ሰላ ድንጋይ ስትነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የዘነበወርቅ መቀመጫ እንደነበረች ነው። ዛሬ ግን ስለ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ስለ ጓዳ ላውጋችሁ። ሰበቡ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ናት። "መምህር፣ የዓመት ከመንፈቅ ልጄ ከብስኩት ሌላ በእጁ አይዝም፤ ምን ላድርግ?" ብላ ጻፈችልኝ።

የደጋ ሰው የመጀመሪያ መልስ ገብስ ነው። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። በውሃ ተለውሶ በእጅ ሲጨበጥ ደግሞ ጭብጦ ነው። ዘማች በስልቻ የያዘው ስንቅና ልጅ በራሱ እጅ የሚበላው ምግብ አንድ ነበር ማለት ነው።

የተቀቀለ ድንችም አለ። እሱ ግን እንግዳ ነው፤ ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ በ1858 እ.ኤ.አ.። ዛሬ "የኛ" የምንለው ድንች ለቅድመ አያቶቻችን አዲስ ጣዕም ነበር። እነሱ ከለመዱት ልጅሽም ይለምዳል።

ግን የድሮውን ሁሉ አናሞግስ። እህል ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ፋፋ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ። ያም ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የኛ ክልል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ገብስ፣ ባቄላ፣ እንቁላል በሚገኝበት አገር! በጾም ወራት "ድስቱ ይነካካል" ተብሎ እንቁላል የሚከለከል ሕፃን ስንት ነው? ሕፃን ይጹም የሚል ሥርዓት ግን የለም።

ክላራ ዴቪስ የምትባል የሕፃናት ሐኪም በ1939 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ሥራ አለ። ጡት ለተዉ 15 ሕፃናት ከ30 በላይ ያልተቀላቀሉ ምግቦች ቀረቡላቸው፤ የፈለጉትን በእጃቸውም ቢሆን አንስተው በሉ፣ ያልፈለጉትን ተዉ። ጤናማ ሆነው አደጉ። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? ከቀረበው ውስጥ ብስኩትም ስኳርም አልነበረም። ምርጫው የልጁ፣ የሚቀርበው ግን የአዋቂው ነበር።

እና ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ፦ የጣት ያህል የተቆረጠ ቅቅል ድንችና ካሮት፣ ተቀቅሎ የተላጠና የተፈረከሰ ባቄላ፣ ጎመን የገባበት የእንቁላል ጥብስ፣ ለስለስ ያለ ትንሽ ጭብጦ። ቆሎና ደረቅ ሽምብራ አይሆንም፤ ያንቃል። ሲበላም ተቀምጦ፣ አንቺም አጠገቡ ሆነሽ። ዛሬ ቢተፋው ሳትቆጪ ከነገ ወዲያ መልሰሽ አቅርቢለት። አንዳንዱ ጣዕም አሥር ጊዜ ቀርቦ ነው የሚለመደው። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ግን እጃችንን ሰብስበን የሱን እጅ እንየው።

እናንተስ ቤት ልጅ መጀመሪያ በእጁ የሚይዘው ምን ነበር? ጻፉልኝ።