የአድዋ ምርኮ ጠመንጃና ማስረጃው

በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ የገባው ጠመንጃ ምንጩ ብዙ ነው። በ1868 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች የማረከው አሜሪካ ሠራሹን ሬሚንግተን ነበር። በምኒልክ ዘመን የፈረንሳዩ ውጅግራ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደግሞ 11,000 ያህል የጣሊያን ጠመንጃ ተማረከ። የታሪክ መሣሪያ ሰብሳቢዎች በብዛት የሚመኙት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ማስመሰልም የሚበዛው በእሱ ላይ ነው።

ብረቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ውጅግራ በርሜሉ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስም ተቀርጾበታል። የጣሊያኑ ቬተርሊም ከበርሜሉ ግርጌ እንደ ብሬሻ፣ ተርኒ ወይም ቶሪኖ ያለ የፋብሪካ ስምና ዓመት ይነበብበታል። ዋናው መለያ ግን ሌላ ነው። ቬተርሊ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲወጣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር፤ ከ1887 ወዲህ ካዝና ተገጥሞለት አራት ጎራሽ ሆነ። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ አድዋ የዘመተው የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘውም ይህንኑ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ጣሊያን ከእነዚህ ጠመንጃዎች በብዙዎቹ በርሜል ውስጥ ቱቦ እያስገባች ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት አመቻቸቻቸው። ስለዚህ ባለ 6.5 ቬተርሊ «የአድዋ ምርኮ» ተብሎ ከቀረበ ሻጩ ወይ አላወቀም ወይ እያወቀ ይዋሻል።

ያልተለወጠው ባለ 10.35ም ቢሆን በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ጣሊያን ራሷ በውጫሌ ውል ዘመን ለምኒልክ መሣሪያ ሰጥታለች፤ ነጋዴውም ከየአቅጣጫው ያስገባ ነበር። ጠመንጃው የት እንደተሠራ ብረቱ ይመሰክራል፤ ማን ከማን እንደማረከው የሚመሰክረው ግን ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊ ወታደር የማረከውን መሣሪያ ወደ አገሩ ይዞ ሲገባ አለቃው የፈረመበት የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ዛሬ ያ ወረቀት አብሮት ያለ መሣሪያ ከሌላው በእጅጉ ይወደዳል። የአድዋ ዘማች እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም። ጠመንጃው ከአባት ወደ ልጅ ወረደ፣ ለጌታ ገጸ በረከት ሆነ፣ ተሸጠ፤ ሰደፉ ሲሰነጠቅም በጠፍር ታሰረ። የሚገርመው፣ በዘመኑ ብዙ ከተጻፈላቸው የመሣሪያ ንግዶች አንዱ የባለቅኔው የአርቱር ራምቦ ነው። በ1879 ዓ.ም. 2,000 ገደማ ያረጁ ጠመንጃዎች ከታጁራ ለምኒልክ አምጥቷል፤ ጣጣውን የሚዘረዝሩት ደብዳቤዎቹም አሉ፤ ከጠመንጃዎቹ ግን ይህ የእሱ ነው ተብሎ በቁጥር የሚለይበት መዝገብ አልተያዘም።

ጠፍር የታሰረበት ሰደፍ ጠመንጃው ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳገለገለ ይጠቁማል። በ1920ዎቹ ከቤልጅግ በተገዙት መውዜሮች ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ምልክትም ለመንግሥት መሠራታቸውን ያሳያል። ሁለቱም የጦር ሜዳ ማስረጃ አይደሉም፤ በዚህ ብቻ «የአድዋ» ወይም «የማይጨው» እየተባለ የሚጨመር ዋጋም መሠረት የለውም።