ከአል-ማንሺያ እስከ ኦምዱርማን፦ የካርቱም ቤተ መንግሥትና ሙዚየሞች

የዚህ እትም የታሪክ ገጽ የሚወስዳችሁ ወደ ካርቱም ነው። ብዙዎቻችን ከተማዋን የምናውቃት በሥራ ፍለጋ፣ በወረቀት ሰልፍና በመጨረሻም በሽሽት ነው። በአል-ማንሺያና በጎረቤቱ በጀሪፍ ሰው ቤት እየሠራን፣ ሻይ እየሸጥን፣ ማታ ማታ እየተማርንና እያስተማርን ስንኖር ቤተ መንግሥቱንም ሙዚየሞቹንም በሐፍላ መስኮት እያየን እናልፍ ነበር። ከመካከላችን ጥቂቶች ግን በዕረፍት ቀናቸው ገብተው አይተዋል። ይህን ለመጻፍ የተነሳነው ያኔ ካየነው ውስጥ ብዙው ዛሬ በቦታው ስለሌለ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአል-ማንሺያ ተነስቶ ወንዙን በስተቀኝ እያየ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ቡሪን አልፎ በዓባይ ጎዳና ሲቀጥል መጀመሪያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲን፣ ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱን፣ ከዚያም ብሔራዊ ሙዚየሙን ያገኛል። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ቦታ ከዚያ ቅርብ ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ኦምዱርማን ይገባሉ። ወንዙ ከጣና ወጥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው እዚያ የሚደርሰው። እኛ ጥቁር ዓባይ የምንለውን እነሱ ሰማያዊ ይሉታል። በክረምት ደለል ተሸክሞ ሲመጣ ላየው ሰው ግን የኛ ስም ሳይሻል አይቀርም።

ከቤተ መንግሥቱ እንጀምር። የካርቱም ዕድሜ እንደ ከተማ ብዙ አይደለም፤ በ1821 የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ነው የተቆረቆረችው። የቱርክና የግብፅ ገዢዎች ቤት መሥራት ሲጀምሩ ጡብ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ከአል-ማንሺያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ሲኬድ ሶባ የሚባል ቦታ አለ። ሶባ አልዋ የተባለው የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ከፍርስራሿ የተቃጠለ ጡብ እየተለቀመ ካርቱም ተሠራችበት።

በዚህ ቤተ መንግሥት ስሙ የሚነሳው ጎርደን ለኛም እንግዳ አይደለም። በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን አነጋግሮ ሳይስማሙ ተለያይተዋል። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 የማህዲው ጦር ካርቱምን ሲይዝ እዚያው ቤተ መንግሥት ተገደለ። አሸናፊዎቹ ዋና ከተማቸውን ኦምዱርማን ስላደረጉ የካርቱም ቤቶች እየፈረሱ እንጨቱና ጡቡ ወንዝ ተሻገረ። ከ1898 በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ቤተ መንግሥቱን በድሮው መሠረት ላይ መልሰው ሠሩት። የሶባ ጡብ ስንት ጊዜ ጌታ እንደለወጠ አስቡት! ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 የነፃነት ባንዲራ የተሰቀለውም በዚሁ ቦታ ነው። አጠገቡ በ1912 የተመረቀ የእንግሊዞች ካቴድራል ነበር፤ ኋላ የቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆኖ የመሪዎች መኪናና ስጦታ ይታይበት ጀመር። እውነቱን ለመናገር መኪኖቹ ብዙም አልማረኩንም።

ብሔራዊ ሙዚየሙ ሌላ ነገር ነው። የተከፈተው በ1971 ሲሆን ግቢው ራሱ ትምህርት ነበር። በ1960ዎቹ ግብፅ የአስዋንን ትልቅ ግድብ ስትሠራ ከኋላው የተኛው ሐይቅ፣ ግብፆች ናስር ሱዳኖች ኑቢያ የሚሉት፣ ሰሜን ሱዳን ድረስ ገባ። ውሃው ከመድረሱ በፊት የቡሄን፣ የሰምና፣ የአክሻ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ካርቱም መጥተው በሙዚየሙ ግቢ ተገጠሙ። የቡሄኑን ያሠራችው ንግሥት ሐትሼፕሱት ናት። በመካከላቸው ዓባይን እንዲመስል የተቆፈረ ሰው ሠራሽ ውሃ አለ፤ ቤተ መቅደሶቹም ቀድሞ በወንዙ ግራና ቀኝ እንደቆሙ ሆነው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ልጆች የሚሰበሰቡት ግን ከባሳ በመጣችው የድንጋይ እንቁራሪት ዘንድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በዚያው ሐይቅ ምክንያት 50,000 ገደማ የሱዳን ኑቢያውያን ከወዲ ሐልፋ ተነስተው በባቡር ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተወስደዋል። የሰፈሩበት አዲሱ ሐልፋ ከብዙ የስደተኛ ካምፖች ሩቅ አይደለም። ድንጋዩ የሄደበትን እያንዳንዱን እርምጃ መሐንዲሶች መዝግበውታል። አያቷ ስለ ባቡሩ የሚያወሩላት የሐልፋ ተማሪ ግን ያንን ታሪክ በሙዚየሙ ግቢ አታገኘውም።

ፎቁ ላይ የፋራስ ሥዕሎች ነበሩ። ፋራስ ዛሬ ከሐይቁ በታች ነው። በአሸዋ ተቀብሮ የኖረውን ካቴድራሉን ከ1961 እስከ 1964 የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ከመቶ በላይ የግድግዳ ሥዕሎች አወጡ፤ ከፊሉ ዋርሶ ሄደ፣ ከፊሉ ካርቱም ቀረ። ካርቱም ከቀሩት አንዱ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ቆመው የሚታዩበት ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሁሉ ክንፍ ያለውን ሲያይ «ገብርኤል!» ይላል። እዚያ የተሣለው ግን ሚካኤል ነው። ሥዕሉ ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ዓይኖቹ፣ ልብሱ፣ አቋማቸው ከኛ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ያመለጡ ይመስላሉ። ኑቢያም ኢትዮጵያም ጳጳስ የሚመጣላቸው ከአንድ ቦታ፣ ከእስክንድርያ ነበር።

በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ከኑቢያ ስድስት ሰዎች ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ መጥተው የሚያስተምሯቸው ካህናት እንዲልክላቸው ለመኑት። ንጉሡም እኔ ራሴ ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፣ የሌላ ሰጪ እንዴት እሆናለሁ በሚል ምክንያት ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። ሕጉን ስናይ ንጉሡ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ ለመምህራን ይህ ታሪክ ሲነበብ ያማል፤ አስተማሪ ፈልጎ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ መመለስ ቀላል አይደለም።

ወደ ኋላ ከሄድን ሌላም አለ። በመርዌ የተገኘ፣ በግሪክኛ የተጻፈ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ድንጋይ በዚሁ ሙዚየም ይጠበቅ ነበር። ስባሪ ስለሆነ የንጉሡ ስም ጠፍቷል። ዐፄ ኢዛና ግን በ4ኛው መቶ ዘመን ወደ ኖባና ወደ ካሱ መዝመቱን አክሱም ባለው ድንጋይ አስጽፏል፤ ከተማ ማቃጠሉን፣ ምርኮ መውሰዱንም ሳይደብቅ። ስለዚህ ተማሪዎቻችን «እነሱ ወረሩን» ብለው ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ የኛ መሆኑን እንነግራቸዋለን።

አሁን ድልድዩን እንሻገር። ለኛ ከሁሉም የከበደው ኦምዱርማን ያለው የኸሊፋ ቤት ነው። ማህዲው በ1885 ሲሞት የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ ቤቱን ከ1887 ጀምሮ አሠራው፤ በ1928 ሙዚየም ሆነ። ፊት ለፊቱ የማህዲው መቃብር ጉልላት ይታያል። ውስጡ የተጣጣፈ ጅባ፣ ባንዲራ፣ ጦርና ጎራዴ፣ የዘመኑ ገንዘብና ፎቶግራፍ ነበር። አያቶቻችን ደርቡሽ የሚሏቸው ሰዎች ራሳቸውን አንሷር ይላሉ። ለሱዳን ልጅ እነዚያ ልብሶች የነፃነት ተዋጊ ልብስ ናቸው፤ ለጎንደር ልጅ ደግሞ የቃጠሎ ወሬ ናቸው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ መምህሩ ምን ይበል?

የሆነውን ይበል። በ1884 ዐፄ ዮሐንስ በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራርመው፣ በማህዲው ሰዎች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ተስማሙ። በሱዳኖች ዓይን ይህ ከጠላት ጋር መቆም ነበር። በ1885 ራስ አሉላ ኩፊት ላይ አሸነፉ። በ1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ። ጃንዋሪ 1888 ላይ ሐምዳን አቡ አንጃ በተራው ደምቢያ ገብቶ፣ ከጣና ብዙ ሳይርቅ፣ ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ። በቀናት ውስጥ ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ወደ ኦምዱርማን ተነዳ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸው፣ እኔን ቢያሸንፉ እናንተንም አይተዉም የሚል ሐሳብ ነበረው። መልሱ ስድብ ሆነ። ማርች 9 ቀን 1889 መተማ ላይ፣ ሱዳኖች ቀላባት በሚሉት ቦታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ በማግስቱ ሞቱ። ራሳቸው ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኪችነር ኦምዱርማንን ሲይዝ የማህዲውን መቃብር አስፈርሶ አጥንቱን ወንዝ አስጣለ። የደብዳቤው ነገር እንደተባለው ደረሰ ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ሁሉ የእስልምናና የክርስትና ጠብ ብቻ አድርገው ያስተምራሉ። ኸሊፋው ንጉሡን ስለም ማለቱ እውነት ነው፤ ንጉሡም ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ ማስጠመቃቸው እውነት ነው። የውሉ፣ የድንበሩና የንግዱ ጉዳይ ሳይነሳ ግን ትምህርቱ አይሞላም።

ለመሆኑ ጎንደር እስከዚያ ያልተነካች ነበረች? አልነበረችም። በ1636 ዐፄ ፋሲል የመሠረቷትን ከተማ ከአቡ አንጃ 22 ዓመት ቀድመው፣ በ1866፣ ያቃጠሏት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ሄዱ፤ በ1868 እንግሊዞች ከዚያ ወደ ለንደን ወሰዷቸው። ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ደግሞ በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በሱዳኑ በስናር ጦር ሲሸነፉ ተማርኮ፣ በገንዘብ ተዋጅቶ ጎንደር ተመልሶ ነበር። ከስናር የተመለሰው ሥዕል ከመቅደላ ግን አልተመለሰም። ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል ገባ።

ከኸሊፋው ቤት ያጣነው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ምርኮኞቹ። በኦምዱርማን ተይዞ የነበረውና በ1891 ያመለጠው ኦስትሪያዊ ቄስ ኦርዋልደር ከሐበሻ አገር የመጡትን ሴቶችና ልጆች መከራ ጽፏል። በሙዚየሙ ግን የማረካቸው ሰው ጎራዴ እንጂ የእነሱ ስም አልነበረም። ገበያ የወጡ፣ እህል የፈጩ፣ ውሃ የቀዱ፣ ቋንቋ የለመዱ፣ ልጅ ወልደው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ከእኛ በፊት በዚያ ከተማ አማርኛ የተናገሩ ብዙዎቹ እነዚያ ነበሩ። እኛም በአል-ማንሺያ ወለል ስንወለውል ይህን አናውቅም ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ሁሉም ነገር ተቀየረ። ብሔራዊ ሙዚየሙ ለሁለት ዓመት ገደማ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆየ። በ2024 ዕቃዎቹ በጭነት መኪና ወጥተው ወደ ድንበር እየተጓዙ ነው የሚል ዜና ወጣ፤ ዩኔስኮም ማንም እንዳይገዛቸው ጥሪ አደረገ። ማርች 2025 ላይ የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሙን መልሶ ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎና ፈራርሶ፣ የሙዚየሙ መስታወቶች ተሰባብረው፣ የወርቅ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሙዚየሙ ከ100,000 በላይ ዕቃ ይዞ ነበር። የንጉሥ ታሃርቃ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ግን ለመሸከም ስላስቸገረ እዚያው ቆሟል። የኸሊፋው ቤትም ጉዳት ደርሶበታል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለን። ጦርነቱ ሳይጀመር ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ያየ መምህር፣ ተማሪ ወይም ወላጅ ያስታወሰውን ይጻፍልን። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ክፍል፣ ከበሩ በየት በኩል፣ ምን አጠገብ እንደነበር ቢሆን ይመረጣል፤ መሣል የሚችል ይሣለው። በቤታችሁም ተማርኮ ወደ ኦምዱርማን ስለሄደ ዘመድ የሚወራ ካለ እንደሰማችሁት አስቀምጡት። ወረቀቱን ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። ስማችሁን መጻፍ ካልፈለጋችሁ ይቅር፤ ያያችሁበትን ዓመት ግን አትርሱ።