የጎንደር ጉባኤዎችና ከቀሃ ማዶ የነበረው ሕዝብ

ስለ ክርክር፥ ስለ ፍርድና አብሮ ስለ መኖር

ጎንደር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ጉባኤ ነው። ግንቦቿን መንገደኛው ሁሉ ያያቸዋል፤ ጉባኤዎቿ ግን በዜና መዋዕልና በሊቃውንት ቃል ብቻ ስለቀሩ ብዙ ጊዜ በግንቦቹ ጥላ ተሸፍነው ይታለፋሉ። ይሁንና ልዩ ልዩ እምነትና ልዩ ልዩ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች በአንድ አገር እንዴት ሊነጋገሩ፥ ከንግግሩም በኋላ እንዴት ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፥ ከሌላው ዓለም ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት ልንመረምረው የሚገባን የራሳችን መዝገብ ይህ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም የጎንደርን ጉባኤዎች ማወደስ ወይም መውቀስ ሳይሆን፥ የት ላይ እንደተሳካላቸውና የት ላይ እንደተሰናከሉ በማሳየት ለዛሬው ምክክር የሚሆን ትምህርት መፈለግ ነው።

፩. ከጦርነት በኋላ የተመሠረተች ከተማ

ጎንደር የተመሠረተችው ሕዝብ በሃይማኖት ምክንያት ደም ከተፋሰሰ በኋላ ነው። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉና በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ ካረጋገጡ ወዲህ፥ ሕዝቡ የአባቶቹን ጥምቀት፥ ጾምና በዓል እንዲለውጥ በአዋጅ ታዘዘ። ገበሬው ዐመፀ፤ ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው ሳለ በድላቸው ሊደሰቱ አልቻሉም፤ የወደቀው የገዛ ሕዝባቸው ነበርና። ስለዚህ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስተላለፉ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው፥ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መናገሻቸውን በጎንደር አደረጉ።

ይህን መነሻ ማስታወስ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ በዚያ ፍርሃት የተቀረጸ ስለሆነ ነው። የጎንደር ነገሥታት ሁለት ነገር ተምረው ነበር። አንደኛው፥ የእምነት ጉዳይ ያለ ክርክርና ያለ ጉባኤ በአዋጅ ብቻ ቢወሰን አገር እንደሚያቃጥል ነው። ሁለተኛው፥ እንግዳ እምነት ወደ ቤት ከገባ ቤት እንደሚያፈርስ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ጉባኤን ወለደ፤ ሁለተኛው ደግሞ አጥርን።

፪. የ1668ቱ ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ይህንን ሁለተኛውን ትምህርት ሕግ አደረገው። በዜና መዋዕላቸው እንደምናነበው፥ ፈረንጆች የአገሩን እምነት ካልተቀበሉ ወደ አገራቸው እንዲሄዱ፥ ሙስሊሞችና ካይላ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ከክርስቲያኑ ጋር ሳይደባለቁ በየራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ተወሰነ። ትእዛዙ በቶሎ አልተፈጸመም፤ እ.ኤ.አ. በ1678 ዳግመኛ ማወጅ ማስፈለጉም ለዚህ ምስክር ነው። ሰው በቃል ሲለያይ በኑሮ ተቀላቅሎ መገኘቱን የሚያሳይ ስለሆነ፥ ይህ መዘግየት ራሱ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህም የተነሣ ሙስሊሞቹ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ በቆላው በኩል ሰፈሩ፤ ሰፈሩም እስላም ቤት፥ ኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ እስራኤላውያኑም የየራሳቸው መንደር ነበራቸው። ከክርስቲያኑም ወገን ቢሆን አቡን ቤት፥ እጨጌ ቤት፥ እቴጌ ቤት እየተባለ ከተማይቱ በሰፈር ተከፋፈለች። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የሙስሊሞቹን ከተማ ወደ 3,000 ቤት ይገምተዋል፤ ይህም ከተማ ጥግ ላይ የተጣለ ጥቂት ሰው እንዳልነበረ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ይገባል። የቬኒስ ሪፑብሊክ አይሁዶችን በአንድ በተከለለ ሰፈር ያኖረችው እ.ኤ.አ. በ1516 ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ ለፕሮቴስታንቶች መብት ይሰጥ የነበረውን የናንት አዋጅ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1685፥ ማለት ከጎንደሩ ጉባኤ አሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ እጅግ ብዙ ሰውም ከአገሩ ተሰደደ። ጎንደር የአገሯን ተወላጆች አላባረረችም፤ ለየች እንጂ። ነገር ግን ከሌላው የተሻለ መሆን ትክክል መሆን አይደለም። የጉባኤው ጉድለት፥ በሰፈራቸውና በኑሯቸው ላይ የተወሰነባቸው ሰዎች በጉባኤው ውስጥ ወንበር ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ተናጋሪው አንድ ወገን፥ የሚነገርለት ሌላ ወገን ሆነ።

የመለየቱም ዋጋ በመንደር ብቻ አልተወሰነም። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ርስት ከመያዝ በአብዛኛው ስለተከለከሉ አንዱ በንግድና በሽመና፥ ሌላው በአንጥረኝነት፥ በግንበኝነትና በሸክላ ሥራ ተሠማራ። አገሪቱን የሚያገለግለው እጅ በቡዳ ስም የሚሰደብ እጅ ሆነ። መሬት ያጣ ሰው ደግሞ በሸንጎ ድምፅ እንደማይኖረው የታወቀ ነው።

፫. ሊቃውንቱ ሲከራከሩ

በአንዱ እምነት ውስጥ የተደረገው ክርክር ታሪክም ከዚህ ያነሰ አስተማሪ አይደለም። የክርስቶስን ቅብዐት እንዴት መረዳት ይገባል በሚለው ጥያቄ የተነሣ ተዋሕዶና ቅባት የተባሉ ሁለት ወገኖች፥ ኋላም ጸጋ የሚባለው ሦስተኛው ወገን፥ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። ጥያቄው የነገረ መለኮት ቢሆንም በስተጀርባው የደብረ ሊባኖስና የኤዎስጣቴዎስ ገዳማት ፉክክር፥ እንዲሁም የጎጃምና የጎንደር መኳንንት ፉክክር ነበረበት። ክርክሩ በንጉሡ ፊት ይደረግ ነበር፤ ሁለቱም ወገን መጻሕፍት ይጠቅሳል፤ አፈ ጉባኤ ይናገራል፤ ከዚያም ንጉሡ ይፈርዳሉ፤ ፍርዱም በነጋሪት ይታወጃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚደነቅ ነገር አለ። ንጉሥ በተቀመጠበት መነኩሴ ቆሞ መከራከሩ፥ ነገር በጥቅስና በምክንያት መመዘኑ፥ የሊቃውንትን ጭንቅላት የሳለ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዱ ነገሩን አልጨረሰውም። በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የተረታው ወገን በቴዎፍሎስ ዘመን ረቺ ሆነ። በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1716–1721) ንጉሠ ነገሥቱ ለቅባት ወገን ሲፈርዱ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ፍርዱን አንቀበልም በማለታቸው ወታደር ታዘዘባቸውና ብዙዎቹ በጎንደር ተገደሉ። በቃል የተጀመረው ጉባኤ በጦር ተደመደመ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሦስት ምክንያት መስጠት ይቻላል። በመጀመሪያ፥ ዳኛው የአንዱ ወገን ደጋፊ ነበር፤ ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ፍርድ መለወጡም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛ፥ የተረታው ወገን ከፍርዱ በኋላ የትና እንዴት እንደሚኖር በጉባኤው አልተነገረም፤ ለእሱ የቀረለት ወይ እምነቱን መካድ፥ ወይ መሸሽ፥ ወይ የሚቀጥለውን ንጉሥ መጠበቅ ነበር። ሦስተኛ፥ ጉባኤው ውስጣዊውን ምክንያት፥ ማለት የገዳማቱንና የየአውራጃውን የሥልጣን ፉክክር፥ በስሙ ጠርቶ አላነጋገረውም።

ይኸው አካሄድ እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሰበሰቡት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር በተዋሕዶ ረቺነት ዘጋው። ወዲያውም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሐን የመሰሉ ደግሞ በመቃወም ተነሡ፤ ወሎም ለብዙ ዓመት ሰላም አጣች። ለአንድነት ተብሎ የተጠራ ጉባኤ መለያየትን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

፬. ከአዋጅ ውጭ የነበረው ኑሮ

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አዋጁ ሁሉንም ኑሮ እንዳልገዛ መናገር ይገባል። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በታመሙ ጊዜ ሐኪም እንዲያመጣ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዓሊ የተባለውን ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው በዚህ ሰው መሪነት ነው። እንግዲህ በአዋጅ ከወንዝ ማዶ እንዲኖር የተደረገው ጎረቤት፥ የንጉሡ ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ የታመነ መልእክተኛ ሆነ። ገበያውም እንደዚሁ ነበር። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚወርደው ቅፍለት፥ የሸማኔው መወርወሪያ፥ የአንጥረኛው ማረሻ ሃይማኖት እየለየ አልሠራም።

በደጋውም መንደር እንዲሁ ነው። ክርስቲያኑ ድግስ ሲደግስ ለሙስሊሙ ወዳጁ የሚሆነውን በግ ወይም ፍየል ሙስሊም ባርኮ እንዲያርደው ለብቻ ያቀርባል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው ይለያያል፥ ድግሱ ግን አንድ ነው። ይህ ትንሽ ልማድ አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዟል፤ ይኸውም ልዩነትን ሳይክዱ፥ በልዩነትም ምክንያት ሳይራራቁ መኖር ነው።

ደም በፈሰሰ ጊዜ ደግሞ ሽምግልና አለ። በጎንደር ደጋ ደም መመለስ ትውልድ የሚወርስ ዕዳ ስለሆነ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ትልቅ ክብር አላቸው። ሽማግሌ እንደ ንጉሥ አይፈርድም፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ሁለቱም ወገን የሚያምነውን ሰው ይመርጣል፤ በደሉ በስሙ ተጠርቶ ይነገራል፤ ካሳ ይቆረጣል፥ ዋስ ይጠራል፥ መሐላ ይፈጸማል፤ በመጨረሻም ተበዳይና በዳይ አብረው ይበላሉ። ጉባኤው ረቺን ሲፈልግ፥ ሽምግልናው የነገውን ጉርብትና ይፈልጋል።

ሆኖም ሽምግልናንም ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባም። ሽማግሌዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ሴት በጉዳይዋ ላይ ሌላ ሰው ሲናገርላት ትሰማለች። ደካማው ወገን ለሰላም ሲባል በደሉን እንዲውጥ ይለመናል። ከዚህም ሌላ ሽምግልና የሰውን ጠብ ያበርዳል እንጂ ሕግ ያደረሰውን በደል አያነሣም። አዲስ ዓለምን የመሬት ባለቤትነት የነፈጋት የጎረቤት ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓት ነበር፤ ሥርዓትም የሚለወጠው በሥርዓት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ያደረጉት ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ፥ ብዙ ክርስቲያኖችም የተባበሩት፥ በ1967 ዓ.ም. የእስልምና በዓላት እንደ ብሔራዊ በዓል መታወቃቸውና በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የዚህ ማስረጃ ናቸው። ለቤተ እስራኤላውያን ግን ለውጡ በዚያ አላበቃም፤ በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ከነዋሪዎቿ ይልቅ ትዝታቸውን የያዘች መንደር ናት።

፭. የዛሬው ጥያቄ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ማተት ባላስፈለገ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ የተከበሩ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ፥ የመቃብሩ ቦታና ቤተ ክርስቲያኑ በሚዋሰኑበት ሥፍራ በድንጋይ ምክንያት የተነሣው ጠብ ወደ ግድያና ወደ መስጊድ ማቃጠል ተሸጋገረ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር በወቅቱ እንደገለጹት ቢያንስ 30 ሰዎች ሲሞቱ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ጥቂት ቀን ሳይቆይም በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በአንድ አጥር ሥር የተለኮሰ እሳት ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

የቅማንት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይታያል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ነኝ ብሎ ተቆጥሮ ሳለ፥ በ1999ኙ ቆጠራ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም። ክርክሩ ከዚያ በኋላ እየከረረ ሄደ፤ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበረው አስተዳደር ለመቆየት መረጡ። የድምፅ ቆጠራው ጥያቄውን በቁጥር መለሰው፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሰውም ተፈናቀለ። ድምፅ መስጠት የዴሞክራሲ መሠረት መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚኖርበት መንገድ አስቀድሞ ካልተመከረበት፥ የጎንደር ነገሥታት ፍርድ የደረሰበት ዕጣ ይደርሰዋል።

በአገር ደረጃም የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ተቋቁሞ በየካቲት 2014 ዓ.ም. አሥራ አንድ ኮሚሽነሮች ተሾሙለት፤ የሦስት ዓመቱ የሥራ ዘመንም በ2017 ዓ.ም. ተራዘመ። በዚያው ጊዜ ውስጥ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በሰሜን ጎንደር ደጋም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፥ መንገዶች ተቋረጡ። ኮሚሽኑን የሚደግፉትም የሚነቅፉትም ወገኖች ያላቸውን ምክንያት መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ታሪክ ግን ለማናቸውም ጉባኤ ሦስት መመዘኛ ይሰጠናል። ዳኛው በሁሉም ወገን የታመነ ነውን? ውሳኔው የሚነካው ሕዝብ በጉባኤው ውስጥ ወንበር አለውን? የተረታው ወገን በማግስቱ በሰላም የሚያድርበት ቤት ተዘጋጅቶለታልን? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል ጉባኤው የቱንም ያህል ቢያምር ነጋሪቱ ዝም ባለ ማግስት ጠቡ ይመለሳል።

የማኅበራችን አባሎች በዚህ ረገድ የተለየ ኃላፊነት አለባቸው። ከቀሃ ወዲህና ከቀሃ ማዶ ያሉ ልጆች ዛሬ በአንድ ክፍል፥ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩት በመምህር ፊት ነው፤ አባቶቻቸው ያልነበራቸውን ጉባኤ በየቀኑ የሚጠሩት እኛ ነን። የፋሲልን ግንብ ስናስተምር አዲስ ዓለምን ብናልፍ፥ የኢያሱን ገድል ስንተርክ ሐጂ ዓሊን ብንረሳ፥ የጉባኤውን ረቺ ስንጠቅስ የተረታውን ዝም ብንል፥ ሳናውቀው የ1668ቱን አዋጅ በመማሪያ ክፍላችን ዳግመኛ እናውጃለን። ሁሉንም በሚዛን ብናስተምር ግን፥ ተማሪው ከእሱ የተለየው ጓደኛው የዚህች አገር ታሪክ ባለቤት እንጂ እንግዳ አለመሆኑን ያውቃል። ይህ ከታወቀ በኋላ ክርክር ቢነሣም በክርክርነቱ ይቆያል።