ፊሊፕ ፒኔልና በገሃነም ፍርሃት የታመሙ ሰዎች

ሃይማኖት ለብዙ ሰው መጽናኛ ቢሆንም፥ አንዳንዱን አእምሮውን እስኪስት ድረስ ያስፈራበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ያለ ካህን በሕክምና ለመርዳት ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፒኔል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒኔል ነገሩን ከሩቅ ሆኖ የተመለከተ አይደለም። በ1745 ተወልዶ በቱሉዝ ከተማ ለክህነት ሲማር ከቆየ በኋላ ያንን ትቶ ወደ ሕክምና ዞረ፤ በ1773ም የሐኪምነት ማዕርግ አገኘ። በ1793 በቢሴትር፥ በ1795 በሳልፔትሪዬር ተሾመ። የእብዶችን ሰንሰለት ፈታ እየተባለ የሚነገርለት ግን በከፊል ተረት ነው፤ በቢሴትር ሰንሰለቱን በ1797 ያስወገደው የበሽተኞቹ ኀላፊ ዣን ባፕቲስት ፑሳን ነበር።

ፒኔል ስለ አንድ ወይን ተካይ ገበሬ ጽፎአል። ይህ ሰው የአንድ ሰባኪ ቃል እጅግ ስላስደነገጠው ለዘለዓለም እሳት እንደ ተፈረደበት አመነ። ቤተሰቡንም ከዚህ ፍርድ የሚያወጣው የደም ጥምቀት ብቻ መሰለው። ሁለት ልጆቹን ገደለ፤ በመጨረሻም ወደ ቢሴትር ተወሰደ። ልብ እንበል፤ ልጆቹን የገደለው ጠልቶአቸው ሳይሆን ሊያድናቸው ብሎ ነው።

ለእንዲህ ያሉት ሕሙማን የፒኔል ዘዴ የሃይማኖት መጻሕፍትንና ሥዕሎችን ከፊታቸው ማራቅ፥ ከሌሎቹ መለየትና በእጅ ሥራ ማዋል ነበር። በ1796 በእንግሊዝ አገር በዮርክ የተከፈተው የኩዌከሮች ቤት ግን ሃይማኖትን ራሱን የመፈወሻ መሣሪያ አድርጎት ነበር።

በእኔ አስተያየት የፒኔል ዘዴ ጕድለት አለበት። መጽሐፉ ከእጁ ቢወሰድም የሰማው ስብከት ከበሽተኛው ጋር ይኖራል፤ እርሱን አውጥቶ ከሐኪሙ ጋር መመርመር ያስፈልግ ነበር። ሚሼል ፉኮ በ1961 ባወጣው መጽሐፍ የፒኔልን ቤት ሃይማኖቱ ወጥቶ ሥነ ምግባሩ በዳኝነት የቀረበት ስፍራ አድርጎ ነቅፎታል። ነቀፋው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የበሽተኛውን ፍርሃት በቂ አድርጎ አይመለከትም።

ምርመራው በንግግር የተጀመረው ዘግይቶ ነው። የሚሲዮናውያን ልጅ የሆነችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል በ1993 ከጥብቅ እምነት ለወጡ ሰዎች መጽሐፍ አሳተመች። በ1994 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ «ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር» የሚል ርእስ ጨመረ፤ የተመዘገበውም እንደ በሽታ ሳይሆን ሐኪም ሊያተኵርበት እንደሚገባ ጕዳይ ነው።