የዓባይ ሸለቆ የሞተር ሳይክል ጉዞ መስመር

የዓባይ ሸለቆ የሞተር ሳይክል ጉዞ መስመር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የሚሻገር፣ በጎጃም ደጋ በኩል ጣና ሐይቅ የሚደርስ፣ ከዚያም በቡሬና በነቀምት በኩል ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ የመንገድ ዙር ነው። ርዝመቱ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመንግሥት የተሰየመ ወይም ምልክት የተተከለለት መንገድ ሳይሆን ነባር አውራ ጎዳናዎችን በማቀጣጠል የሚነደፍ መስመር ነው። ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ ነው ቢባልም ውኃው ከመንገዱ ላይ የሚታየው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። የካርታ ሥራውን ከሌሎች የወንዝ ዳር መስመሮች የሚለየውም ይኸው ነው፤ በራይን ወይም በዳኑብ ወንዝ ዳር ተጓዡ ውኃውን በጎኑ ይዞ ለብዙ ቀናት መንዳት ሲችል፣ በዓባይ ግን የገደሉን አፋፍና ድልድዮቹን መከተል ግድ ይለዋል።

መነሻ

በፒያሳ አካባቢ በቸርችል ጎዳና ላይ የሚገኘው ቴዎድሮስ አደባባይ ለዙሩ አመቺ መነሻ ነው። በአደባባዩ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ሲሆን ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል። መድፉ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራ ሲሆን 7 ቶን ያህል ይመዝናል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. ከ1867 መጨረሻ እስከ መጋቢት 1868 ድረስ መንገድ እያስጠረጉ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች አሳልፈው ወደ መቅደላ አስጎትተውታል። በሽሎ የዓባይ ገባር፣ ጅጣ ደግሞ የበሽሎ ገባር ነው። በዓባይ ተፋሰስ ገደሎች ውስጥ ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ መቀየስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በአደባባዩ ላይ ያለው አምሳያ ያስታውሳል።

ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሏል። ስለዚህ ሞተሩ በመስመሩ መነሻ ላይ መታየት እንኳ የሚችለው ፈቃድ ካለው ነው። በፒያሳ ዙሪያ ያለው የመንገድ አቀማመጥም በ2016 ዓ.ም. ከተካሄደው የኮሪደር ልማት በኋላ ስለተለወጠ፣ ከዚያ በፊት የተዘጋጁ የከተማ ካርታዎች ለዚህ ክፍል አያገለግሉም።

ከአደባባዩ ሽቅብ በማዘጋጃ ቤት፣ በጊዮርጊስና በአዲሱ ገበያ በኩል የሚወጣው መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት በምዕራብ ትከሻው ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ይህ ሰንሰለት የውኃ መለያ ነው። በፒያሳ ላይ የዘነበ ዝናብ በከተማዋ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ገብቶ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል፤ ከሰንሰለቱ ወዲያ በሱሉልታ የዘነበው ግን በሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። መስመሩ በካርታ ላይ ወደ ዓባይ ተፋሰስ የሚገባው እንግዲህ ወንዙ ከመታየቱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ቀደም ብሎ ነው። ከጫንጮ በኋላ መንገዱ የሰላሌን ደጋ ይዞ፣ በምዕራብ የሙገርን በምሥራቅ የጀማን ሸለቆ ግራና ቀኝ እየተወ፣ በፍቼና በገርበ ጉራቻ አልፎ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው መገንጠያ ከፍቼ በፊት ይገኛል፤ ከገዳሙ አካባቢ የሚታየው ገደል የጀማ ተፋሰስ አካል ነው።

የወንዙ ዳር ለምን መንገድ የለውም

ዓባይ ከጣና በባሕር ዳር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ ቀለበት ከቦ ወደ ሱዳን ድንበር ያመራል። በዚህ ረጅም ጉዞው የሚፈሰው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ በጎሐ ጽዮን አካባቢ ከአፋፉ እስከ ውኃው ያለው ከፍታ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። የአካባቢው ሰው ሸለቆውን የዓባይ በረሃ ይለዋል፤ ቃሉ አሸዋን ሳይሆን ሙቀቱን፣ ወባውንና የሰፈራውን መሳሳት ያመለክታል። ሕዝቡም፣ እርሻውም፣ ገበያውም፣ በዚህም ምክንያት መንገዱ ደጋው ላይ ነው። ወደ ውኃው የሚወርዱት የእግርና የበቅሎ መንገዶች ወንዙን ለመሻገር የሚያገለግሉ ናቸው፤ ዳርቻውን ይዘው አይሄዱም።

የካርታው ታሪክ

የሸለቆው ካርታ ዘግይቶ መሠራቱም ከዚህ የመጣ ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ግሽ ዓባይን አይተው ጽፈዋል። ሁለቱም ግን ምንጩን እንጂ ወንዙ ከጢስ ዓባይ በታች የሚሄድበትን አልተከተሉም። እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ትልቁ የወንዙ መታጠፊያ በካርታዎች ላይ በግምት ይሰመር ነበር።

ይህን ክፍተት በሰፊው የሞላው በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በነበረበት ጊዜ በበቅሎ እየተጓዘ፣ የገደሉን አፋፍ ይዞ፣ በየመሻገሪያው ወደ ውኃው እየወረደ የወንዙን አካሄድ መዝግቧል። የጣናን ደሴቶችም አጥንቷል። ሥራውን በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። የዛሬው የሞተር መስመር የሚከተለው ዘዴ በመሠረቱ የእርሱው ነው፤ አፋፉን መያዝ፣ በሚቻልበት ቦታ መውረድ፣ እንደገና መውጣት። ወንዙን በውኃው ላይ የመከተል ሙከራ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን በክረምት ሙላት በጎማ ጀልባ ሲወርድ አንድ አባሉን ውኃ ወስዶበታል። ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ወንዙን በጀልባ ጨርሶ መውረድ የተቻለው በ2004 ነው።

ለካርታ ነዳፊ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይነገርለት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ሲጀምሩ በአካባቢው አስተማማኝ የቅየሳ ነጥብ አልነበረም። ልኬቱ ከሱዳን ተያይዞ ስለመጣ፣ የሱዳን ቅየሳ መሠረት የሆነው አዲንዳን የተባለው የልኬት ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስሙ የተወሰደው ከአንድ የኑቢያ መንደር ሲሆን፣ መንደሩ ራሱ ኋላ በአስዋን ግድብ ውኃ ተውጧል። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው 1፡50,000 ካርታዎች በዚህ ሥርዓት ላይ የቆሙ ናቸው። የዛሬ ስልኮችና የጂፒኤስ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ ሥርዓት ነው፤ በኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ደጋ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። በገደል ውስጥ ግን መንገዱን ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከገደሉ ውጭ ያውለዋል። ከወረቀት ካርታ የተወሰደ ነጥብ ሁሉ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት መቀየር አለበት።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

የመስመሩ ዋና ክፍል ይህ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ሲሆን መንገዱ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቁልቁለቱ ጠርዝ በንብርብር የተገለጠ የምድር ታሪክ ነው። ከላይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ንብርብሮች፣ ከታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ሸክላማዎቹ ንብርብሮች ውኃ ሲጠጡ ስለሚያብጡና ስለሚንሸራተቱ አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል፣ ይጠገናል። አንድ ዓመት የተመዘገበ የመንገድ ሁኔታ ለቀጣዩ ዓመት ዋስትና አይሆንም። በጭነት መኪኖች ጎማ የተቦረቦረው መስመር ለባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ ከጉድጓድ ይልቅ አደገኛ ነው።

መንገዱን በጂፒኤስ ለመመዝገብ የነጥቦቹ ድግግሞሽ ይወስናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ደቂቃ 667 ሜትር ይሄዳል፤ መሣሪያው በየደቂቃው አንድ ነጥብ ብቻ ከያዘ ሙሉ እጥፋቶች ይጠፋሉ፣ ርቀቱም ያንሳል። በየ5 ሰከንዱ ከሆነ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 55 ሜትር ዝቅ ስለሚል የመንገዱ ቅርጽ ይታያል። የገደሉ ግድግዳ የሳተላይት ምልክትን ስለሚሸፍንና ስለሚያንጸባርቅ ነጥቦች ይዘላሉ፣ ከፍታም ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተወሰደው የከፍታ መረጃ በነጻ የሚገኝ ቢሆንም፣ የሚሰጠው 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሆነ ቦታ አንድ ቁጥር ነው፤ ቀጥ ያለ ገደል በዚህ ስሌት ተዳፋት መስሎ ይወጣል። ስለዚህ መውጫና መውረጃውን ሁለት ጊዜ መመዝገብና ማነጻጸር ይመረጣል።

በሸለቆው ግርጌ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አሮጌው፣ በውጭ አገር የጉዞ መጽሐፎች ሻፈርታክ እየተባለ የሚጠራው ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመርቋል። ከደጋው ብርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቆላ ሙቀት መግባት ለነጂውም ለሞተሩም ከባድ ነው። በቁልቁለቱ በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ስለሚያግል በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል። ሽቅቡ ላይ ደግሞ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

ሁለቱ ቅርንጫፎችና ድልድዮቹ

ከደጀን በኋላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። በቢቸናና በሞጣ የሚሄደው ወደ ወንዙ ይቀርባል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ወደ 490 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ የሚዞረው 560 ያህል ነው። ለዙሩ በአንደኛው ሄዶ በሁለተኛው እስከ ቡሬ መመለስ ይሻላል።

ከሞጣ ወደ ምሥራቅ፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። ግንባታው በጎንደር ዘመን እንደሆነ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩበት ነበር። በኋላ ቢጠገንም ሙላት ወሰደው፤ ዛሬ አገልግሎት የሚሰጠው ለእግረኛ የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። በካርታ ላይ እንደ መሻገሪያ ቢታይም ለሞተር መንገድ አድርጎ መስመር ስህተት ነው። ከጉንደወይን ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ግን ወደ ወሎ ለመሻገር የተሽከርካሪ ድልድይ አለው። ከፏፏቴው አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው፣ ለጉብኝት እንጂ ለጉዞ አያገለግልም። በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወንዙን ለሁለተኛ ጊዜ በጥልቅ ቆላ ያሻግራል። ከነቀምት በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

ወደ ግሽ ዓባይ ለመግባት ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰከላ በኮረኮንች መንዳት ያስፈልጋል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እንዲህ ያሉት መገንጠያዎች በጭቃ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይታለፉም፤ መረሬ አፈር ጎማውን ከጭቃ መከላከያው ጋር አጣብቆ ያቆመዋል። ቤንዚን በሁሉም ማደያ ሁልጊዜ ስለማይገኝ በካርታው ላይ ማደያን ብቻ ሳይሆን በማደያዎች መካከል ያለውን ርቀት መጻፍ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መስመሩን የሚወስነው ጸጥታ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት፣ እንዲሁም በወለጋ በተከሰቱት ግጭቶች ምክንያት የዙሩ ብዙ ክፍሎች ለመንገደኛ የተዘጉባቸው ወይም አደገኛ የሆኑባቸው ጊዜያት አሉ። ካርታ ላይ ክፍት የሆነ መንገድ በዕለቱ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

የታችኛው ክፍል

ከቡሬና ነቀምት መንገድ በታች ያለው የወንዙ ክፍል ካርታው ጨርሶ የተለወጠበት ነው። የኢትዮጵያና የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ በዚህ ሸለቆ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር የተባሉ አራት የግድብ ቦታዎችን ጠቁሞ ነበር። ታላቁ የኢትዮጵያ ኅዳሴ ግድብ የተሠራው በድንበሩ አካባቢ ነው። ውኃ መያዝ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሲሞላ ወደ 1,870 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም ከጣና ስፋት ግማሽ በላይ ነው። በ1፡50,000 ካርታዎች ላይ የተሳሉት የወንዝ ዳር ዱካዎችና መሻገሪያዎች ሐይቁ በደረሰበት ሁሉ ከውኃ በታች ሆነዋል። ወደ ግድቡ አካባቢ በየብስ የሚወስደው መንገድ ከቻግኒ በግልገል በለስና በማንኩሽ በኩል ወደ ጉባ የሚወርደው ነው። የሐይቁ ጠርዝ እንደ ውኃው መጠን ስለሚገባና ስለሚወጣ በካርታ ላይ ሲሰመር ልኬቱ የተወሰደበት ወር አብሮ መጻፍ አለበት።