ቀለበቱና ሜዳሊያው

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ሦስት ኳስ ካመለጠው መቺው ተራውን ያጣል። ለዛሬው ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል።

የምናወራው ስለ ካርል ኧርስኪን ነው። ኧርስኪን ከ1948 እስከ 1959 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዶጀርስ ቡድን የወረወረ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነበር። ቡድኑ በመጀመሪያ በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ በኋላም በሎስ አንጀለስ ነበር። በወርዋሪነቱ 122 ጨዋታ አሸንፎ 78 ተሸንፏል። መልካም ቁጥር ነው፤ ሆኖም በተጫዋችነት ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ አላስገባውም። ስለ እርሱ የሚጽፉ ብዙዎች ወሬያቸውን በሜዳው ላይ ይጨርሳሉ። እኛን ወደዚህ ሰው የሳበን ግን ከሜዳው ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ ነው።

ኧርስኪን በ1926 በኢንዲያና ግዛት በአንደርሰን ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ድርጅት በኢንዲያና እጅግ በርትቶ ነበር። ከአንደርሰን ብዙም በማትርቀው በማሪየን ከተማ በ1930 ሕዝብ ሁለት ጥቁር ወጣቶችን ከእስር ቤት አውጥቶ በዛፍ ላይ ሰቅሏል። ትንሹ ካርል ግን በዚሁ አገር ከጎረቤቱ ልጅ ከጥቁሩ ጆኒ ዊልሰን ጋር ኳስ እየተጫወተ፣ ቤት ለቤት እየተመላለሰ አደገ። ጆኒ በኋላ የታወቀ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆነ። ጓደኝነታቸውም ጆኒ በ2019 እስኪሞት ድረስ ዘለቀ።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ካርል ወደ ትልቁ ሊግ በገባበት በ1948 ገና በጅማሬው ትከሻውን ተጎዳ። ሕመሙ እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የወረወረው እያመመው ነው። በዚህ ክንድ በ1952 እና በ1956 ከተጋጣሚ ቡድን አንድም ሰው በትክክል ሳይመታበት ሙሉ ጨዋታ ጨርሷል። በጥቅምት 1953 ደግሞ በዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ኒው ዮርክ ያንኪስን ገጠመ። ከሁለት ቀን በፊት በመጀመሪያው ጨዋታ ከአንድ ዙር በላይ መቆየት አቅቶት ወጥቶ ነበር። በሦስተኛው ጨዋታ ግን 14 መቺዎችን ተራ አስጣለ፤ በዘመኑ እጅግ የሚፈራውን ሚኪ ማንትልን ብቻ አራት ጊዜ። ይህ የፍጻሜ ውድድር ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ቆየ። ዋንጫውን ግን ያነሳው ያንኪስ ነው።

ቀልድም አያጣም ነበር። በ1951 ወሳኝ ጨዋታ መጨረሻ ላይ አሠልጣኙ ተተኪ ወርዋሪ ፈልጎ ስልክ ሲደውል፣ የኧርስኪን ኳስ ማሟሟቂያው ላይ መሬት እየነካ እንደሆነ ተነገረው። ስለዚህ ራልፍ ብራንካ ገባ፤ የብራንካም ኳስ ተመትታ የዶጀርስ ዓመት በዚያው አከተመ። ኧርስኪን ከጊዜ በኋላ፣ በሕይወቴ የወረወርኩት ምርጥ ኳስ ያ መሬት የነካው ነው እያለ ይስቅ ነበር።

ከቡድኑ ጓደኞች አንዱ በ1947 የዘር ግድግዳውን ሰብሮ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ኧርስኪን ከስታዲየሙ ውጭ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሮቢንሰን ባለቤትና ከትንሹ ልጁ ጋር ቆሞ ሲጫወት ቆየ። በማግሥቱ ሮቢንሰን ስለዚህ ነገር አመሰገነው። ኧርስኪን ግራ ገባው፤ ሰው ሰላም በማለቱ የሚመሰገንበት ምክንያት አልታየውም። በሌላ ጊዜም የዘር ነገር እንዴት እንዳላስቸገረው ሮቢንሰን ሲጠይቀው፣ ስለ ጆኒ ዊልሰን ነገረው።

በ1959 ክንዱ አልታዘዝ አለውና በ32 ዓመቱ መጫወት አቆመ። በሚያዝያ 1960 አራተኛ ልጁ ጂሚ ተወለደ፤ ዳውን ሲንድረም ነበረበት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ሐኪሞች ለወላጆች የሚሰጡት የተለመደ ምክር፣ ልጁን ወደ ተቋም አስገብታችሁ እርሱት የሚል ነበር። ለኧርስኪኖችም ይኸው ሐሳብ ቀረበላቸው። እናቱ ቤቲ ግን ልጁ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ቁርጧን ተናገረች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤተሰቡ ወደ አንደርሰን ተመልሶ ኖረ። ካርል በከተማው ኮሌጅ ለ12 ዓመት ቤዝቦል አሠለጠነ፤ በባንክ ሥራም እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። ጂሚን ግን አልደበቁትም። ወደ ምግብ ቤትም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሰው ወዳለበት ሁሉ ይዘውት ይሄዱ ነበር። አንዳንዱ ዞር ብሎ ያፈጥባቸዋል። እነርሱም ይዘውት መሄዳቸውን አላቆሙም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። በአገልግሎት ዘመናችን ቤት ለቤት ስንጎበኝ፣ ቡና ጠጥተን፣ ባርከን ከወጣን በኋላ በጓዳ ልጅ እንዳለ ከጎረቤት የሰማንባቸው ቤቶች አሉ። ቤተሰቡን አንወቅስም። ልጁን ይዘው ቢመጡ፣ በአምልኮ መሃል ሲጮህ ዞር ብለን የምናየው እኛው ነን። ለፈውሱ እጃችንን ጭነን ጸልየን፣ ፈውሱ እንደጠበቅነው ሳይመጣ ሲቀር ዳግመኛ ያልረገጥነው ደጅም አለ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ ደካማዎቹ ብልቶች የጻፈውን በነገረ መለኮት ኮሌጅ በግሪክኛው ሳይቀር ተንትነነዋል። ቤቲ ግን ገና ከወሊድ አልጋዋ ሳትነሣ ኖረችው።

ኧርስኪን በኋላ በንግግሩም በጽሑፉም ጃኪንና ጂሚን አያይዞ ያነሳ ነበር። አንዱን በቆዳው፣ ሌላውን በአእምሮው እድገት ምክንያት ኅብረተሰቡ ቦታህ ይህ አይደለም ብሏቸዋል። ጂሚ ዋና ተማረ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች በተቋቋመው በስፔሻል ኦሊምፒክስ ተወዳደረ፤ በአንድ ምግብ ቤትም ለብዙ ዓመታት ተቀጥሮ ሠራ። አባቱም ለስፔሻል ኦሊምፒክስ ሥራ ከስልሳዎቹ ጀምሮ ዕድሜውን ሰጠ።

የክብር አዳራሹ በ2023 ኧርስኪንን በበክ ኦኒል ስም በተሰየመው የሕይወት ዘመን ሽልማት አከበረው። በዚያው ዓመት በኅዳር ጂሚ በ63 ዓመቱ ዐረፈ። ካርልም በሚያዝያ 2024 በ97 ዓመቱ ተከተለው።

በየስብሰባው እንዲናገር ሲጋበዝ ሁለት ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። አንደኛው ዶጀርስ በ1955 ያንኪስን ሲያሸንፍ ያገኘው የሻምፒዮንነት ቀለበት፣ ሁለተኛው ጂሚ በዋና ያገኘው የወርቅ ሜዳሊያ። ሁለቱንም ከፍ አድርጎ ያሳይና የሚበልጠው ድል የትኛው እንደሆነ አድማጮቹን ይጠይቃቸው ነበር።