ቀጣዩን መጽሐፍ ማን ይመርጥልናል?



አንባቢ ቀጣዩን መጽሐፍ በራሱ ፈቃድ ብቻ የሚመርጥ ይመስለዋል። የንባብ ታሪካችን ግን ምርጫው እጃችን ከመደርደሪያው ሳይደርስ እንደሚጀመር ያስረዳናል።

ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይባት ይህች ከተማችን የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ የሚያልፍበትን የድሬዳዋን ጉምሩክ ከመሩት ሹማምንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። የሌላውን ዕቃ ሲያሳልፉ የኖሩት እኒህ ሰው ስለ ንግድና ስለ ሀገር ሀብት የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን ለአንባቢ የደረሰው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ ነው። ደራሲው በሕይወት ሳሉ መጽሐፉን ልምረጥ ቢል እንኳ የሚያገኘው አንባቢ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህም አስመራጩ ተለዋወጠ እንጂ አልጠፋም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር አደመጠው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ክልከላው ራሱ ፈላጊውን አበዛ።

ስለዚህ የንባብን ታሪክ የሚያጠና ሰው «ምን ተነበበ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም፤ «ምን ሳይደርስ ቀረ? ማንስ አስቀረው?» ሊል ይገባዋል። እናንተም ለጥናታችሁ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ስታነሡ፣ ከጎኑ መኖር ሲገባው የጎደለውን አብራችሁ ፈልጉ።